ስም ከማውጣትሽ በፊት ስም አውጪውን እወቂ

ልጄ፣ ለጨዋታሽ የፈጠርሽውን ዓለም ካርታ አየሁት። ወንዙም ተራራውም ቦታ ቦታውን ይዟል። የሰዎቹን ስም ዝርዝር ሳነብ ግን ልቤ አልረጋም። ስድስት ሕዝብ አለሽ፤ የስድስቱም ስም ለጆሮ እንግዳ እንዲሆን ብቻ የተደረደረ ፊደል ነው። ለአንዱ «ዝ»ን እና «ቅ»ን አብዝተሽለታል፣ ለሌላው «ል»ን እና «ኤ»ን። ድምፅ መለየቱ ክፉ አይደለም፤ ተጫዋቹ ስሙን ሲሰማ የየት አገር ሰው መሆኑን እንዲገምት ይረዳዋል። ከድምፅ መጀመር ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። መጀመሪያ ሕዝቡ ምን እንደሚፈራ፣ ምን እንደሚመኝ፣ ማንን እንደሚያከብር ወስኚ። ከዚያ ስሙን ማን ያወጣል፣ መቼ ያወጣል፣ ስለምን ያወጣል ብለሽ ጠይቂ። ድምፁ ከዚያ በኋላ ይደርሳል፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል ሰምተሻል።

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል፤ እስቲ ወደ ራሳችን ቤት ተመልከቺ። ልጅ የሞተባት እናት ቀጥላ የወለደችውን ምትኩ ትለዋለች፣ ወይም ካሳ፣ ወይም ማስረሻ። ብዙ መከራ ያሳለፈች ስንታየሁ ትላለች። አገር ሲታወክ የተወለደው ይርጋ ይባላል፤ ባላንጣ ያለበት አባት ደግሞ ደምሰው ይላል። እነዚህ ስሞች ለልጁ ብቻ የወጡ አይደሉም። ጎረቤት እንዲሰማቸው፣ ባላንጣ እንዲሰማቸው፣ ፈጣሪም እንዲሰማቸው የወጡ ናቸው። በአንቺ ዓለም ውስጥ ማስረሻ የሚባል ጎረምሳ ቢኖር፣ አንዱ ተጫዋች «እናትህ ምን ልትረሳ ፈልጋ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ከዚህች ጥያቄ አንድ ምሽት ሙሉ የሚያጫውት ታሪክ ይወጣል። «ዝርቃዝ» ከሚባል ጎረምሳ ግን ምን ይጠየቃል?

አንድ ሰው ደግሞ አንድ ስም ብቻ እንዲኖረው አትፍረጂበት። በአንድ ክፍለ ዘመን ሁለት ካሳዎች ነግሠውብናል። የቋራው ካሳ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ ሲጭን ቴዎድሮስ ተባለ። ስሙን ከመሬት አላነሳውም፤ ቴዎድሮስ የሚባል በፍትሕ የሚገዛ ንጉሥ ይመጣል የሚል ትንቢት በሕዝቡ ዘንድ ይነገር ነበር። የተምቤኑ ካሳ ምርጫም በ1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዮሐንስ ተባለ። ሁለቱም የፈረስ ስም ነበራቸው፤ የመጀመሪያው አባ ታጠቅ፣ ሁለተኛው አባ በዝብዝ። ወታደር ሲፎክር የሚያነሳው የፈረሱን ስም ነው። ቄስ በጸሎት የሚያነሳው የክርስትናውን ነው። ማኅተም ላይ የሚቀረጸው የዘውዱ ነው። የልጅነት ባልንጀራ ደግሞ ካሳ እንዳለ ይቀራል። ማን በየትኛው ስም እንደጠራው የሰማ ሰው፣ ጠሪው ወታደር ይሁን ቄስ ወይስ አብሮ አደግ፣ ሌላ ምልክት ሳይሻ ያውቃል። ትንቢቱንም አትርሺው፤ ስሙ ቀድሞ የሚታወቅ ንጉሥ በሚጠበቅበት አገር፣ ያንን ስም ለራሱ የሚያወጣ ሽፍታ ሁሉ ለተጫዋቾችሽ ፈተና ነው። እውነተኛው የትኛው ነው? ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ባለቤቱ ራሱ ሲያወጣውስ?

የሚሰወር ስምም አለ። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ሲነሱ ሌላ ስም ይቀበላሉ፤ ሲሞቱ በፍትሐታቸው የሚጠሩት በዚያ ነው። በአውደ ነገሥት የሚቆጥሩት ኮከብ ቆጣሪዎች በበኩላቸው የሰውየውን ስም ከእናቱ ስም ጋር በፊደል ቁጥር ደምረው በ12 ይገድፉታል፤ በተረፈው ዕጣውን እናነባለን ይላሉ። ስለዚህ የእናቱን ስም ለማያምነው ሰው መናገር የሚፈራ ሰው አለ። ይህን ሳስብ ኡርሱላ ለ ጉዊን በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው «ኤ ዊዛርድ ኦቭ ኧርዝሲ» ውስጥ እውነተኛ ስምን ያወቀ በባለ ስሙ ላይ ሥልጣን ያገኛል ማለቷ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይመስለኝም። ደራሲው ቶልኪንም ለኤልፎቹ አንዱን ስም ከአባት፣ ሌላውን ከእናት ሰጥቷቸዋል፤ የእናትየው ስም አንዳንዴ የልጁን ጠባይ ወይም ዕጣ አስቀድሞ የሚናገር ነው። ፌአኖር የሚባለው ጀግና የታወቀው እናቱ ባወጣችለት ስም ነው።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር ያዢልኝ። ስሙን ማን መጥራት አይችልም? በሲዳማና በከምባታ ባሊሻ የሚባል ልማድ ነበረ። ያገባች ሴት የአማቷን ስም አትጠራም፤ ስሙን ብቻ ሳይሆን በስሙ መጀመሪያ ክፍለ ቃል የሚጀምሩ ቃላትንም ትተዋለች፤ በምትካቸው ሌላ ቃል ታውቃለች። ይህን ከስድስቱ ሕዝቦችሽ ለጨው ነጋዴዎቹ ስጫቸው። የአለቃቸው ስም ንጋት ነው እንበል። ምራቱ ከቤት ጠፍታ በወንዙ ማዶ ነጋዴ መስላ ትኖራለች። ተጫዋቾችሽ ሊፈልጓት ተልከዋል፤ መልኳን ግን ማንም አያውቅም። ገበያ ውስጥ ከሦስት ሴቶች ጋር ቆመው መቼ እንደሚጓዙ ይጠይቃሉ። አንዷ «በንጋት» ትላለች። ሁለተኛዋም «በንጋት» ትላለች። ሦስተኛዋ ጥቂት ዝም ትልና «ወፎች ሲነሱ» ትላለች። አንቺ ምንም አትጨምሪ። ከሳምንታት በፊት ልማዱን በጨዋታው መሐል የሰማና ያስተዋለ ተጫዋች ካለ ከወንበሩ ብድግ ይላል። አለመናገርም ትልቅ ነገር ያወጣል ማለት ነው፤ ከአለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ያሉት አባቶች ይህንን ባያዩ ነው።

የቀረው ዓለም ልማድም ይጠቅምሻል፤ በአጭሩ ልንገርሽ። በጋና አካኖች ዘንድ የተወለዱበት ቀን ስም ይሆናል፤ ኮፊ ዓርብ፣ ክዋሜ ቅዳሜ። ባሊ ውስጥ የመጀመሪያው ልጅ ዋያን፣ ሁለተኛው ማዴ፣ ሦስተኛው ኞማን፣ አራተኛው ክቱት ይባላል፤ አምስተኛው ሲመጣ እንደገና ከዋያን ይጀመራል። የጥንት ሮማውያን ሴት ልጅን በአባቷ ጎሳ ስም ይጠሩ ስለነበር የዩልዮስ ቄሳር ሁለቱም እህቶች ዩልያ ነበሩ። እንዲህ ያለው ሥርዓት የወላጅን ምርጫ ያጠብባል፤ አንቺም ካንዱ ሕዝብሽ ምርጫውን ብትነሺው የዚያ አገር ሰው ራሱን ለመለየት ምን እንደሚያደርግ ታያለሽ። ቅጽል ስም ይበዛል፣ የሠፈር ስም ይበዛል።

ድል የተነሳ ወይም የተሰደደ ሕዝብ ካለሽ ሁለት ስም ይኖረዋል። በ1980ዎቹ እና በ1991 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ከገቡት ቤተ እስራኤል ብዙዎቹ እንደደረሱ የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸዋል። ትምህርት ቤት በአዲሱ፣ ቤት ውስጥ በአሮጌው ሲጠሩ ያደጉ ልጆች አሉ። ከእነሱም አንዳንዶቹ አድገው የመጀመሪያ ስማቸውን መልሰው ወስደዋል። ይህ የሰዎች እውነተኛ ሕይወት ነውና ስትነኪው በክብር ንኪው፤ በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት አይሁንብሽ። የሕያው ሕዝብን የተቀደሰ ስም እንዳለ አንስተሽ ለጭራቅ አትስጪ። የአሠራሩን ሐሳብ ውሰጂ፣ ስሙን ራስሽ ፍጠሪ።

ለወንዙ ሕዝብሽ እንዲህ አድርጊ። ወንዙ ልጅ የሚወስድ ወንዝ ነው፤ ስለዚህ ሕፃን ሳይሻገር ስም አይወጣለትም። አያቱ ታቅፈው በታንኳ ያሻግሩታል፤ ስሙንም ማዶ ላይ የሚያወጣው ቀዛፊው ነው። ቀዛፊ ስም ያወጣለትን ሰው እስከ ዕድሜ ልኩ መሻገሪያ ሊከለክለው አይችልም። አሁን ተጫዋቾችሽ የሚያሳድዱት ወንጀለኛ ታንኳው ዘንድ ቢደርስ፣ ቀዛፊው ሕፃን ሳለ ስም ያወጣለት ሰው ቢሆን፣ ምን ይደረጋል? ልማዱ እንዲህ ሲሆን ስሙም ራሱ ይመጣል፤ ቀዛፊው በዚያ ቀን ያየውን ይለዋል፣ የውኃውን ሙላት፣ የነፋሱን አቅጣጫ፣ በደለሉ ላይ የቆመችውን ወፍ።

ስሙን ጽፈሽ ስትጨርሺ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ጥሪው። ሦስት ጊዜ ሲጠራ ምላስ የሚያደናቅፍ ከሆነ ተጫዋቾችሽ «ያ ሰውዬ» ማለት ይጀምራሉ፤ ያኔ ድካምሽ ሁሉ ውኃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ይሆናል። ረጅሙን ስም ለሥርዓት ቀን አስቀምጪና የዳቦ ስም አብጂለት። ለመጀመሪያው ጨዋታ የጨው ነጋዴዎቹና የወንዙ ሰዎች ይበቁሻል። የቀሩት አራቱ ሕዝቦች ተጫዋቾቹ አገራቸው እስኪደርሱ ይቆዩ፤ እስከዚያ የትኛው አያት ስም እንደሚያወጣ፣ የትኛው እንደማያወጣ ወስነሽ ላኪልኝ፤ አይቼ እመልስልሻለሁ።