ስለ ጠላት ከተማ መማለድ

ጠላት የሆነ መንግሥት የኑክሌር ቦምብ ሊሞክር ነው የሚል ወሬ በተሰማ ጊዜ ከምእመናን አንዳንዶቹ፥ «ክፉ ከማድረጋቸው አስቀድሞ ይጥፉልን ብለን ብንጸልይ ኃጢአት ይሆንብናልን?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ከፍርሃት የመጣ ነው፤ ፍርሃትም የሥጋ ጠባይ ስለ ሆነ አንነቅፈውም። የሚፈራውን መሣሪያና መሣሪያው ያለበትን ሕዝብ አንድ አድርጎ ማየት ግን ሊመረመር የሚገባው ነገር ነው።

ሰሜን ኮርያ ከ1999 እስከ 2009 ዓ.ም. ድረስ ፑንግዬሪ በተባለው ስፍራ፥ ከተራራ ሥር በተቈፈረ ዋሻ፥ ስድስት ጊዜ ቦምብ ሞክራለች። በስድስተኛው፥ ነሐሴ 28 ቀን 2009 ዓ.ም. በተደረገው ሙከራ፥ የምድር መናወጡ መጠን 6.3 ሆኖ ተመዝግቧል። ከዚያ በፊት በአምስት ቀን ሚሳይል በጃፓን ደሴት በሆካይዶ ላይ ስላለፈ፥ ሕዝቡ በማለዳ በማስጠንቀቂያ ድምፅ ተቀስቅሶ ጽኑ ወደ ሆነ ቤት ወይም ወደ ምድር ቤት እንዲገባ ታዝዞ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ዋሻዎቹ በጋዜጠኞች ፊት እንዲፈርሱ ቢደረግም፥ በ2014 ዓ.ም. አንዱ እንደ ገና ሲጠገን ስለ ታየ ሰባተኛው ሙከራ ደርሷል የሚል ጭንቀት ተመለሰ።

ይህ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በሰሜኑ ወገን ከተሰለፈው ጦር ጋራ ተዋግተው 122 ወንድሞቻችን በዚያ ወድቀዋል። ስለዚህ የሰሜኑን ሰው በጠላት ስም ማሰብ ለሽማግሌዎቻችን ከወጣትነታቸው ጀምሮ የኖረ ነገር ነው፤ እነርሱን ለመውቀስ አንደፍርም።

ነገር ግን «ይጥፉ» ሲባል እነማን እንደ ሆኑ እንጠይቅ። በዚያ ተራራ ግርጌ የሚኖረው ገበሬ ሙከራው ይሁን አይሁን ብሎ ምክሩን የጠየቀው የለም፤ የጨረሩም አደጋ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሰጋው እርሱን ነው። ፒዮንግያንግም ከጦርነቱ በፊት ከክርስቲያኖቿ ብዛት የተነሣ «የምሥራቅ ኢየሩሳሌም» ተብላ የነበረች ከተማ ናት። ዛሬ በዚያ በስውር የሚጸልየውን ሰው ቍጥር የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው።

ደግሞም መሣሪያው በጠላት እጅ ሲሆን ክፉ፥ በወዳጅ እጅ ሲሆን ደግ ይሆናል ማለት አይቻልም። በዓለም የመጀመሪያው የኑክሌር ሙከራ ሐምሌ 9 ቀን 1937 ዓ.ም. በአሜሪካ በኒው ሜክሲኮ በረሃ ሲደረግ፥ ሥራውን የመሩት ሊቅ ሮበርት ኦፐንሃይመር ስሙን «ትሪኒቲ» አሉት፤ ይኸውም ሥላሴ ማለት ነው። ልብ የሚያቈስል ስያሜ ነው። ከ24 ቀን በኋላም ያው ዓይነት ቦምብ በናጋሳኪ ላይ ተጣለ፤ የፈነዳውም ከኡራካሚ ካቴድራል 500 ሜትር ያህል ርቆ ስለ ነበረ በውስጡ የነበሩት ካህናትና ምእመናን አለቁ።

እኛ የሥላሴን በዓል የምናከብረው ከዚያ ሙከራ ቀን በሁለት ቀን ቀድሞ ሐምሌ 7 ነው። አጋጣሚውን ሁሉ ምልክት ማድረግ ልማዳችን አይደለም፤ በዓሉ ግን የአብርሃምን ነገር ያሳስበናል። ብዙ ጊዜ የምንሰብከው እንግዳ መቀበሉን፥ ድንኳኑንና የታረደውን ጥጃ ነው። ከማዕዱ በኋላ የሆነውን ግን በችኰላ እናልፈዋለን። እንግዶቹ ፊታቸውን ወደ ሰዶም ባቀኑ ጊዜ አብርሃም በመንገድ ቆሞ ማለደ። ሰዶም ንጽሕት ናት አላለም፤ ጻድቁ ከኃጥኡ ጋራ ይጠፋ ዘንድ ተገቢ እንዳይደለ ብቻ ተናገረ፤ ከኀምሳ ጀምሮም እስከ ዐሥር ድረስ ቍጥሩን ዝቅ እያደረገ ለመነ።

ምናልባት፥ «አብርሃም የማለደው የወንድሙ ልጅ ሎጥ በዚያ ስለ ነበረ ነው» የሚል ይኖራል። ይሁን፤ ግን በልመናው ሁሉ የሎጥን ስም አንድ ጊዜ እንኳ አላነሣም። ደግሞ ጦርነትን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ 318 አሽከሮቹን ይዞ የዘመተና የሰዶምን ምርኮኞች ያስመለሰ ነው። መንግሥታት እንዲጠነቀቁ፥ ሙከራውንም እንዲቃወሙ አንከለክልም፤ እርሱም ሰይፉን አልጣለም ነበርና። ያን ጥያቄ ለሚያቀርብልን ምእመን ግን፥ መሣሪያው እንዳይፈነዳ፥ የመሪዎቹ ልብ እንዲመለስ፥ የሴኡልና የፒዮንግያንግ ሕዝብም በአንድነት እንዲጠበቅ ጸልይ እንለዋለን። «ይጥፉ» የሚለውን ቃል አብርሃም ስለ ሰዶም እንኳ አላወጣውም። በማግሥቱ ማልዶ ተነሥቶ ቆሞ ወደ ለመነበት ስፍራ ሄደ፤ ከዚያም የምድሪቱን ጢስ አየ።