ወደ ጸጋው ዙፋን መቅረብ ድፍረት ነውን?

ደወል ሲሰማ እስከ ቅጽሩ በር ድረስ መጥቶ፣ በሩን ተሳልሞ፣ ከዚያ ወዲያ የማይራመድ ምእመን በአገራችን ብዙ ነው። ከውጭ ቆሞ ያስቀድሳል፤ ይጾማል፤ ይመጸውታል። ስለ ቅዱስ ቁርባን ሲነሣ ግን «እኔ በምን ንጽሕናዬ? ስሸመግል እቆርባለሁ፤ በድፍረት ከመቅረብ ይቅርብኝ» ይላል። ይህ አነጋገር ትሕትና ይመስላል፤ በእውነትም ትሕትና አለበት። ነገር ግን፣ የተወደዳችሁ ምእመናን፣ አንድ ጥያቄ እናንሣ፤ ከእግዚአብሔር መራቅ እግዚአብሔርን ማክበር ሊሆን ይችላልን?

አስቀድመን ቃሉን እንመርምር። በቋንቋችን «ድፍረት» ሁለት ፊት አለው። ጀግናውን ደፋር ብለን እናወድሳለን፤ የተከበረውን ያቃለለውንም «ደፈረ» ብለን እንነቅፋለን። ስለዚህ በድፍረት ቅረቡ ብንባል ልባችን ይደነግጣል። የዕብራውያን መልእክት ግን ወደ ጸጋው ዙፋን እንድንቀርብ ሲጋብዘን (4፥16) በግሪክኛው የተጠቀመበት ቃል «ፓሬሲያ» ነው። ይህም ሁሉን ሳይሸሽጉ መናገር ማለት ሲሆን፣ በጥንታውያን ግሪኮች ዘንድ ነጻ ዜጋ በሸንጎ ፊት ያለ ፍርሃት የሚናገርበት መብት ነበር። እንግዲህ ይህ መተማመን ራስን ከፍ ማድረግ አይደለም፤ ልጅ በአባቱ ፊት ገመናውን ሳይደብቅ መናገሩ ነው። ደፋር ኃጢአቱን ይሸፍናል፤ የሚተማመን ግን ይናገራል።

«በምን ንጽሕናዬ?» ለሚለው መልሱ ከቅርብ ይገኛል። በቢቸና አቅራቢያ የምትገኘው ዲማ ጊዮርጊስ በአብነት ትምህርት ስሟ የታወቀ ናት። ወደ እንዲህ ያለው ጉባኤ ከሩቅ የሚመጣ የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ በማያውቀው ደጃፍ ይቆማል። ውሻ ይጮኽበታል፤ በመንደሩ ዘመድ የለውም፤ የሚከፍለውም የለውም። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብቻ ይላል። ደጁ በራሱ ስም እንደማይከፈትለት ስለሚያውቅ፣ ኀፍረቱ ከበር አይመልሰውም። እኛም በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም ስንጸልይ የምንቆመው በራሳችን ስም አይደለም። ንጽሕናችንን ብቻ ቈጥረን የምንቀርብ ቢሆን፣ ሽማግሌውም ከወጣቱ ይልቅ የሚመካበት ባልኖረው ነበር።

ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወርዱ የሚገኘው ሰባራ ድልድይም የሚያስተምረን አለ። በ17ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ፋሲለደስ ጊዜ እንደ ተሠራ የሚነገርለት ይህ ድልድይ በጣልያን ወረራ ዘመን መካከሉ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት መንገደኛው ገመድ ታጥቆ፣ በሁለቱ ዳር የቆሙ ሰዎች እየያዙና እየሳቡት ክፍተቱን ይሻገር ነበር። የሚሻገረው ሰው አይፈራም ነበር ማለት አይደለም፤ ከበታቹ ዓባይ ነው። የሚያሻግረውም የገዛ ክንዱ ብርታት አልነበረም። ሆኖም ገመዱን መታጠቅና እግሩን ከድንጋዩ ማንሣት የራሱ ፈንታ ነበር። መተማመን እንዲህ ነው፤ ፍርሃት ሲያልቅ የሚመጣ ሳይሆን፣ እየፈሩም ለሚይዘው እጅ ራስን መስጠት ነው።

ምሳሌው ግን ወሰን አለው። ገመድ ይበጠሳል፤ እጅም ይዝላል። እ.ኤ.አ. በ2002 ክፍተቱ በብረት ቢጋጠም፣ በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 ደግሞ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተዘረጋ። ክርስቶስ ግን እውነተኛ አምላክና እውነተኛ ሰው ስለ ሆነ ሁለቱንም ዳር ራሱ ይዟል፤ ጎርፍም አይወስደውም።

«ቀራጩስ በሩቅ ቆሞ አልነበረምን?» የሚል ይኖራል (ሉቃ. 18፥13)። አዎን፣ በሩቅ ቆመ፤ ነገር ግን ወደ ቤተ መቅደስ ወጥቶአል፤ ኃጢአቱንም ተናግሮአል። ቅዱስ ጳውሎስም ሳይገባው የሚቀበለውን አጥብቆ ያስጠነቅቃል (1ቆሮ. 11፥27-29)። ይሁን እንጂ ራሱን የመረመረ ሰው እንዲቀበል እንጂ መርምሮ እንዲቀር አላዘዘም። ከባድ ኃጢአት ያለበት አስቀድሞ በምሥጢረ ንስሐ ይታረቅ፤ መንገዱ ይህ ነው። ንስሐ የመቅረቢያ በር እንጂ የመራቂያ ምክንያት አይደለም።

ይህ ፈተና የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በ17ኛው መቶ ዘመን በፈረንሳይ የተስፋፋው የያንሴናውያን ትምህርት ለቁርባን እጅግ ጥብቅ መሥፈርት በማውጣት ብዙዎችን ከማዕዱ አራቀ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቅዱስ ፒዮስ 10ኛ እ.ኤ.አ. በ1905 ባጸደቁት ድንጋጌ ግን በጸጋ መኖርና ቅን ሐሳብ ያለው ምእመን፣ በየቀኑም ቢሆን፣ ከመቀበል እንዳይከለከል ታወጀ። ቁርባን የፍጹማን ሽልማት ሳይሆን የደካሞች መድኃኒት ነውና።

ስለዚህ እናንተ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ «ስሸመግል» የሚላችሁን ሰው አትንቀፉት፤ ትሑት ነው ብላችሁም አትለፉት። ንስሐ ለመግባት የሚከብደው ምን እንደ ሆነ በእርጋታ ጠይቁት፤ እስከ ካህኑም አብራችሁት ሂዱ። ሽምግልናን የቀጠረ ሁሉ ከሽምግልና አይደርስም። አባት የሚጠብቀው ንጹሕ ሆኖ የሚመጣውን ልጅ ብቻ አይደለም፤ ሊነጻ የሚመጣውንም ነው። ማክበራችንም የሚታየው ሲጠራን በመምጣታችን ነው።