የመኪናው ባዶ ቦታ የማን አማና ነው?



ዛሬ ላወያያችሁ የፈለግሁት ስለ ጭነት መኪና ነው። «በእስልምና ጋዜጣ ላይ ስለ መኪና ምን ያስወራል?» የሚል አይጠፋም። ይሁንና ሰው በዲኑ የሚፈተነው መስጂድ ውስጥ በሶፍ ላይ ብቻ አይደለም፤ በሚዛኑ፣ በኪሱና በምላሱም ዘንድ ይፈተናል። ቁረይሾች በክረምትና በበጋ ለንግድ ያደርጉት የነበረውን ጉዞ አላህ (ሱ.ወ.) በስማቸው በተሰየመው ሱራ ውስጥ አንስቶታል። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ.) ነቢይ ሆነው ከመላካቸው በፊት የኸዲጃን (ረ.ዐ.) ሸቀጥ ይዘው ወደ ሻም የተጓዙ፣ በመካ ሰዎች ዘንድ «አል-አሚን» (ታማኙ) በሚል የሚታወቁ ነጋዴ ነበሩ። ስለዚህ ጭነትና መንገድ ለዲናችን ባዕድ ነገር አይደለም።

እኔ በሆሳዕና ከተማ በእህል ንግድ የምተዳደር ሰው ነኝ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው መኪና ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ ዘይትና ሳሙና ጭኖ ይገባል። ሲመለስ ግን የእህሉ ወይም የድንቹ ወቅት ካልሆነ ባዶውን፣ ወይም ግማሹን ብቻ ይዞ በወራቤና በቡታጅራ አድርጎ ይሄዳል። በዚያው ቀን በዱራሜ፣ በአንጋጫ፣ በዶዮገና ወይም በሾኔ አምስት ኩንታል ጭነት ያለው ሰው መኪና አጥቶ ከዕቃው አጠገብ ያድራል፤ ለአምስት ኩንታል ሙሉ መኪና የሚከራይ የለምና። ባዶ መኪናና መኪና ያጣ ጭነት ጎን ለጎን ሳይተዋወቁ ያድራሉ። የሚያስተዋውቃቸው ደላላ ነው።

ባለፈው ዓመት መኸሩ ከተሰበሰበ በኋላ ስንዴ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ እህል በረንዳ ልልክ ፈለግሁ። አንድ ደላላ ሲሚንቶ አራግፎ የሚመለስ፣ ከነተሳቢው 400 ኩንታል የሚጭን መኪና አገኘልኝ። ሦስት ነጋዴዎች ተካፈልነው። እኔ የ120 ኩንታል ቦታ በኩንታል 170 ብር ሒሳብ ይዤ ለደላላው ከፈልሁና ጋቢና ተሳፍሬ ከጭነቱ ጋር ተጓዝሁ። ቡታጅራ ላይ ሻይ ስንጠጣ ሾፌሩ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ በኩንታል ስንት ተባሉ?» ሲል ጠየቀኝ። ነገርሁት። ብርጭቆውን አስቀምጦ ዝም አለ። ለእሱ የተነገረው 110 ብር ነበር። በእኔ ቦታ ብቻ 7,200 ብር መሀል መንገድ ላይ ቀርቷል።

ዓለም ገና እስክንደርስ ድረስ ደላላውን ስረግም ሄድሁ። እህል በረንዳ ደርሰን መኪናው ሲራገፍ ግን ከጆንያዎቼ ኋላ አምስት ኩንታል የሚሆን የቆጮ እስር ወጣ፤ ያን ጊዜ ምላሴ ታሰረ።

የቆጮው ነገር እንዲህ ነው። ስንዴዬ ሲመዘን 112 ኩንታል ብቻ ሆነ፤ የከፈልሁበት የስምንት ኩንታል ቦታ ባዶ ቀረ። ማታ አንዲት ባልቴት ጎረቤቴ መጥተው፣ መርካቶ ቆጮ ለምትነግደው ልጃቸው አምስት ኩንታል እንዳደርስላቸው ለመኑኝ። እኔም «እማማ፣ መኪናው ሞልቷል፤ ለእርስዎ ስል ለምኜ አስገባዋለሁ» አልሁና በኩንታል 250 ብር ተቀበልኋቸው። እሳቸው የወንጌል አማኝ ናቸው፤ እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። የደላላውን 7,200 ብር መንገዱን ሙሉ ስቆጥር፣ እኔ ከጎረቤቴ በውሸት የወሰድሁትን 400 ብር አንድም ጊዜ አላስታወስሁትም ነበር። ታዲያ በእኔና በእሱ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? የገንዘቡ መጠን ብቻ ነው።

ነገሩ በሸሪዓ ሚዛን

ፈትዋ የዑለሞች ድርሻ ነው፤ እኔ የተማርሁትን ብቻ ላስታውስ። ደላላነት በራሱ ሐራም አይደለም። ኢማም አል-ቡኻሪ በሶሒሕ ኪታባቸው ስለ ደላላ ዋጋ ባነሱበት ባብ ውስጥ ኢብኑ ሲሪን፣ ዐጣእ፣ ኢብራሂምና ሐሰን በዚህ ክፍያ ችግር እንዳላዩ ዘግበዋል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና «ደላሎች» እየተባሉ ይጠሩ የነበሩትን የገበያ ሰዎች ከዚያ በተሻለ ስም «ነጋዴዎች» ብለው እንደጠሯቸው፣ ንግድ ውስጥ ከንቱ ወሬና መሐላ ስለሚገባ በሶደቃ እንዲቀላቅሉት እንደመከሯቸው ከቀይስ ኢብኑ አቢ ገረዛ (ረ.ዐ.) ተዘግቧል። ስሙን አሳመሩላቸው፤ በሽታውንም አልሸሸጉላቸውም።

የተከለከለው ሌላ ነገር ነው። ከገጠር ሸቀጥ ይዞ የሚመጣን መንገደኛ ገበያ ከመድረሱና ዋጋውን ከማወቁ በፊት መንገድ ላይ ጠብቆ መግዛትን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ከልክለዋል። በሙስሊም ዘገባ ደግሞ እንዲህ የተገዛበት ሰው ገበያ ከደረሰ በኋላ ውሉን የማጽናት ወይም የማፍረስ ምርጫ ተሰጥቶታል። የክልከላው ጥበብ ግልጽ ነው፤ የሰው አለማወቅ ሸቀጥ ሆኖ እንዳይሸጥ ነው። ደላላ መኪና ፈልጎ፣ ጆንያ ቆጥሮ፣ ሸራ አልብሶ፣ ድርሻውን በግልጽ ተናግሮ ቢወስድ የላቡን በላ። አንዱ የሌላውን ዋጋ ስለማያውቅ ብቻ መሀል ያለውን ቢወስድ ግን የበላው ላቡን ሳይሆን የሁለት ሰዎችን ጨለማ ነው። እኔም «መኪናው ሞልቷል» ስል ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ሦስት ደረጃዎች አሉ። ባዶውን ቦታ ሞልቷል ብሎ ማስከፈል ዙልም ነው። የከፈልሁትን 170 ብር ተናግሬ በዚያው ሒሳብ ብቀበል ዐድል ነበር። ስንዴዬ ኖረም አልኖረም የተከፈለበትን ቦታ ለባልቴቷ ብለቅላቸው ደግሞ ኢሕሳን ይሆን ነበር። አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉትና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ጉዞ ላይ ትርፍ መጓጓዣ ያለው ሰው መጓጓዣ ለሌለው፣ ትርፍ ስንቅ ያለውም ስንቅ ለሌለው እንዲያካፍል አዘዋል። ሌሎች የሀብት ዓይነቶችንም ሲዘረዝሩ፣ ሰሐቦች በትርፍ ነገር ላይ ማንም የግል መብት የለውም ብለው እስኪያስቡ ድረስ ደረሱ። ባዶ ተሳቢ ማለት ዛሬ ያ ትርፍ ግመል ነው። ሳይጠቅም ሲሄድ ነዳጁም፣ ጎማውም፣ የሾፌሩ ዕድሜም ያልቃል፤ ወጪውም በመጨረሻ በሲሚንቶውና በዘይቱ ዋጋ ላይ ይጨመራል።

ስልኩ ደላላውን ይተካዋልን?

ልጆቻችን፣ «ይህ ሁሉ ጣጣ በስልክ ያልቃል» ይሉናል። ባለመኪናው ያለበትንና የቀረውን ቦታ ይጽፋል፤ ባለጭነቱ ኩንታሉንና መድረሻውን ይጽፋል፤ መተግበሪያው ያገናኛቸዋል፤ ገንዘቡ በቴሌብር ይከፈላል። አንዱ ተሳቢ ለአምስትና ለስድስት ሰው ይከፋፈላል። ይህ ሕልም አይደለም። በአሜሪካ ኡበር ፍሬይት እ.ኤ.አ. በ2017 ጀምሯል፤ በ2018 ደግሞ ተሳቢውን ራሱን ማጋራት ተጀመረ፤ ተሳቢው ቀድሞ ተጭኖ ይቆያል፣ ጎታቹ መጥቶ ቀጥሎት ይሄዳል፣ አንዱ ተሳቢ ብዙ ሾፌሮችን ያገለግላል። በአፍሪካም የናይጄሪያው ኮቦ 360ና የኬንያው ሎሪ ሲስተምስ በዚህ ሥራ ይታወቃሉ። በአገራችንም ጭነትና መኪናን በስልክ የሚያገናኙ አገልግሎቶች ተጀምረዋል፤ ሾፌሮችና ደላሎችም በቴሌግራም ጭነት ይጠራራሉ።

የዕድሜ ባለጸጋ ሾፌሮች ሌላም ያስታውሳሉ። በደርግ ዘመን መኪኖች «ከተና» በሚባል አደረጃጀት ተራ ጠብቀው፣ በተተመነ ታሪፍ ይጭኑ ነበር። በ1984 ዓ.ም. ገበያው ነጻ ሲለቀቅ ተራውም ቀረ፤ ዋጋን የማወቂያው መንገድ ግን ለሁሉም እኩል አልተከፈተም። ያንን ክፍተት ነው ደላላው የሞላው። ስልኩ ይህን ክፍተት ከዘጋው እሰየው። እኔ የምጠይቀው ግን ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ሁለቱ ወገኖች አንድ ዋጋ ያያሉን? ለባለጭነቱ 170፣ ለሾፌሩ 110 የሚያሳይ መተግበሪያ ካፖርት የለበሰ ያው ደላላ ነው። ይህ ባዶ ጥርጣሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የቻይና ባለሥልጣናት የጭነት መኪኖችን የሚያገናኘውን ማንባንግን ጨምሮ 10 የትራንስፖርት መድረኮችን ጠርተው፣ በዋጋ አወሳሰናቸውና በገቢ አከፋፈላቸው ግልጽ አለመሆን ላይ ወቅሰዋቸዋል። የአገናኙ ድርሻ ይህን ያህል ነው ተብሎ ለሁለቱም ከተነገረ ሐላል ዋጋ ነው፤ ከተደበቀ ግን ማሽን ስለሠራው አይጠራም።

ሁለተኛ፣ ዕቃው ቢጎድል ወይም ቢበላሽ ማን ይጠየቃል? በአንድ ተሳቢ የብዙ ሰው ጭነት ሲደባለቅ የአንዱ ናፍታ የሌላውን ዱቄት ያበላሻል፤ አንዱ ጆንያ የሌላው ተብሎ ይወርዳል። ለብዙ ሰው በሚሠራ ተቀጣሪ ኃላፊነት ላይ ፉቀሃዎች ራሳቸው ተለያይተዋል። ኢማም አቡ ሐኒፋ ጥፋት ካልፈጸመ አይከፍልም ሲሉ፣ ሁለቱ ተማሪዎቻቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ፣ ሊከላከለው በሚችለው ጉዳት ይጠየቃል ብለዋል። እነዚያ ታላላቅ ሰዎች የተለያዩበትን ጉዳይ እኛ «ስልኩ ያውቃል» ብለን ልንተወው አንችልም። በቁርኣን ውስጥ ረዥሙ አንቀጽ፣ በአል-በቀራ ሱራ 282ኛው፣ ስለ ዕዳ ውል መጻፍና ስለ ምስክር የሚናገር ነው። የማን ጭነት፣ ስንት ኩንታል፣ በማን ኃላፊነት የሚለው ከመነሳት በፊት ይጻፍ። ኩባንያም ሟች ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የተመሠረተውና ባለጸጎች ብዙ ገንዘብ ያፈሰሱበት የአሜሪካው ኮንቮይ በ2023 ሥራውን አቁሟል። መተግበሪያው ሲዘጋ ጭነቱ መንገድ ላይ ያለ ሰው የሚይዘው ወረቀት ሊኖረው ይገባል።

ሦስተኛ፣ ስልክ የሌለው ገበሬስ? ዛሬ የአዲስ አበባን የድንች ዋጋ በመዳፌ ይዤ አንጋጫ መንገድ ላይ ገበሬውን ብጠብቀው፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የከለከሉትን ሰው ሆንሁ ማለት ነው፤ የዚያ ዘመን ሰው በግመል ቀድሞ ይደርስ ነበር፣ እኔ በኔትወርክ ቀደምሁ እንጂ። ዕውቀቱን ይዞ መሄድ ሐራም አይደለም፤ መደበቁ ነው የሚያስጠይቀው።

ስለ ደላሎቹም በፍትሕ እንናገር። አብዛኞቹ በየመናኸሪያው ፀሐይና ዝናብ የሚፈራረቅባቸው፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ልጆቻችን ናቸው። መቁጠሩን፣ ማሰሩን፣ ሸራ ማልበሱንና ማስረከቡን ስልክ አይሠራላቸውም። ድርሻቸውን በግልጽ እየተናገሩ በዚህ ሥራ ቢኖሩ መተግበሪያው እንጀራቸውን ሁሉ አይወስድም።

በመጨረሻም፣ እኛ በምንኖርበት አካባቢ አንድ ተሳቢ ላይ የሙስሊሙ ስንዴና የክርስቲያኑ ቆጮ አብረው ይጫናሉ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ከመካ ሲሰደዱ፣ ያላመኑባቸው የመካ ሰዎች ያስቀመጡባቸውን አማና ለባለቤቶቹ እንዲመልሱ ዐሊይን (ረ.ዐ.) ከኋላ ትተዋል። ሊገድሏቸው ለሚያሴሩ ሰዎች እንኳ አማና ከተመለሰ፣ ለመረቀችኝ ጎረቤቴ ምን ምክንያት ይቀርብልኛል?

ሆሳዕና እንደተመለስሁ 400 ብሩን ይዤ ቤታቸው ሄድሁና ነገሩን ነገርኋቸው። ገንዘቡን አልቆጠሩትም። «ታዲያ መኪናው ቦታ ነበረው?» ብቻ አሉኝ። «ነበረው፣ እማማ» አልሁ። ጥቂት ቆይተው፣ «ልጄ፣ እኔ እኮ ሞልቷል ስትለኝ ነው የመረቅሁህ» አሉኝ። ብሩን መለስሁ፤ በውሸት የተቀበልሁትን ምርቃት ግን በምን እንደምመልሰው እስካሁን አላወቅሁም። ከዚያ ወዲህ ቦታ ለሰው ሳካፍል የከፈልሁበትን ወረቀት አስቀድሜ አሳያለሁ።

ያ ደላላ ዛሬም በከተማችን አለ፤ ስንገናኝ ስለ 7,200 ብሩ እጠይቀዋለሁ፤ የእኔንም 400 ብር አልደብቀውም። መተግበሪያው ነገ በሁላችን ስልክ ይገባል፤ የተሳቢውን ባዶ ቦታ ያሳየናል፣ የልባችንን ግን አያይም። እሱን የሚያይ አንድ ጌታ ብቻ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) ሪዝቃችንን ሐላል፣ ምላሳችንን እውነተኛ ያድርግልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።