ወረፋም አማና ነው

በሐዋሳ ቡሹሎ የሚኖር አንድ ወዳጄ በቅርቡ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ለብቻዬ ገለል አደረገኝ። «ወንድሜ፣ አንተ ጋዜጠኛ ነህ፤ አዲስ አበባ የምታውቀው ሐኪም አይጠፋም። ለአላህ ብለህ የልጄን ስም ወደ ፊት አስደርግልኝ» አለኝ። ልጁ የልቧ ቫልቭ ተጎድቶ የቀዶ ሕክምና ተራ ትጠብቃለች። «እሺ፣ ኢንሻ አላህ» አልኩት። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አጣሁ።

ለወገን መማለድ ኸይር ሥራ አይደለምን? ነው። ይሁን እንጂ አላህ (ሱ.ወ.) በአን-ኒሳእ ምዕራፍ፣ አንቀጽ 85 መልካሙን ምልጃ ከመጥፎው ለይቶታል። የወዳጄ ልጅ አንድ ደረጃ ስትወጣ፣ የማላውቃት ሌላ ልጅ አንድ ደረጃ ትወርዳለች። ጥፋቷ አባቷ ጋዜጠኛ አለማወቁ ብቻ ነው።

በ1981 ዓ.ም. በዶክተር በላይ አበጋዝ አነሳሽነት የተመሠረተው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅት፣ በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ማዕከል ከፍቶ ብዙ ሕፃናትን ታድጓል። ሆኖም ተራ ጠባቂው በሺዎች ይቆጠራል። ችግሩ የቀዶ ሐኪም ቁጥር ብቻ አይደለም። ልቡ የተቀደደ ሕፃን የጽኑ ሕሙማን አልጋ ያስፈልገዋል፤ ያ አልጋ ካልተለቀቀ ሐኪሙም ክፍሉም እያሉ ሥራው ይቆማል። ስለዚህ አልጋ መቁጠር፣ ቀጠሮን ከአልጋ ጋር ማመጣጠን፣ ማን እንደሚቀድም በሕመሙ ክብደት መወሰን የቢሮ ሥራ ብቻ ሳይሆን ዐድል ነው። ቀደምቶቻችንም ይህን ያውቁ ነበር። ሱልጣን ቀላዉን በ1284 እ.ኤ.አ. በካይሮ ያሠሩት ሆስፒታል ለትኩሳት፣ ለዓይንና ለቀዶ ሕክምና የተለያየ ክፍል ነበረው፤ ወጪውንም ወቅፍ ይሸፍን ነበር።

ወረፋው ደግሞ ከሆስፒታሉ በር አይጀምርም። የሩማቲክ የልብ ሕመም መነሻው በወጉ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ነው። በሰፈር ጤና ጣቢያ በጊዜው የሚሰጥ ፔኒሲሊን ወረፋውን ከምንጩ ያሳጥረዋል።

በማግስቱ ስልክ ደወልኩ። ስሟ በትክክል መመዝገቡንና ሕመሟ መባባሱን ሐኪሟ ማሳወቁን ጠየቅሁ፤ ከዚያ አላለፍኩም። ለወዳጄም በየአራት ሳምንቱ የምትወጋውን መርፌ እንዳታቋርጥ አደራ አልኩት። ፊቱ ጠቆረ። አልፈርድበትም፤ አባት ነው። የራሴ ልጅ ብትሆን እጸና ነበር ብዬም አልምልም። አማና ከባድ የሚሆነው ግን ለዚህ ነው፤ የምንሳሳለትን ልጅ ከማናውቀው ልጅ ጋር በአንድ ሚዛን እንድናስቀምጥ ያዘናል።

ወላሁ አዕለም።