ቁጥሩን ከነስሙ

አንድ ሲራራ ነጋዴ ነበር። ቤቱ ጎንደር፣ ንግዱ ጎጃም፣ ባሶ ገበያ ድረስ። ከመንገድ ሲመለስ ከቅፍለቱ ቀድሞ የሚገሰግስ ልጅ ወደ ቤቱ ይልካል። ልጁ ደብዳቤ አይዝም፤ በቃሉ ሦስት ቁጥር ብቻ ይዞ ይደርሳል፦ «ሃያ፣ ዘጠኝ፣ አምስት።»

የነጋዴው ሚስት ይህን ከሰማች ሌላ አትጠይቅም። ፊተኛው የበቅሎ ነው፤ ገብስና ድርቆሽ ይሰናዳል። ቀጥሎ የሰው ነው፤ እንጀራው በዚያ ልክ ይታሰባል። የመጨረሻው ለመድረስ የቀራቸው ቀን ነው፤ ጠላው በዚያ ስሌት ይጠመቃል። ደንቡን ባልና ሚስት ከብዙ ዓመት በፊት ምድጃ ዳር ተቀምጠው ተስማምተውበታል። ከነሱ ሌላ የሚያውቀው ጎተራ ጠባቂው ሽማግሌ ብቻ ነው። ልጁማ የሚሸከመው ቁጥር የምን እንደሆነ ነግሮት የሚያውቅ የለም።

አንድ ዓመት ከከተማው መግቢያ አዲስ ኬላ ቆመ። በየበቅሎው ሁለት ሁለት አሞሌ ይከፈላል፤ አሞሌውም ከቤት መላክ አለበት። ነጋዴው አሰበበት። ቀረጡ የሚታሰበው በበቅሎ ነውና ከበቅሎው ቀጥሎ መግባቱ ተገቢ መሰለው። ልጁን ጠርቶ «ሃያ፣ አርባ፣ ዘጠኝ፣ አምስት» ብሎ ላከው።

ሚስት ሰማች። ሃያ በቅሎ። አርባ ሰው! በዘጠኝ ቀን። የመጨረሻዋን አምስት ልጁ ደክሞት የጨመራት መሰላትና ተወቻት። ጎረቤት ተጠርቶ የአርባ ሰው ጤፍ ተፈጨ። ዘጠኝ ቀን ሰፊ ጊዜ ነውና ሊጡም ጠላውም ለኋላ ተባለ።

በአምስተኛው ቀን ቅፍለቱ ኬላው በር ላይ ደረሰ። አሞሌ የለም። በቅሎዎቹ ጭነታቸው ሳይራገፍ ፀሐይ ላይ ዋሉ። ሰዎቹ ሲመሽ ለምነው አልፈው ቤት ሲገቡ ዱቄቱ በየእንቅቡ ሞልቷል፤ ሊጡ አልተቦካም፣ የጠላው ጋን ገና እየታጠነ ነው።

ነጋዴው ልጁን አነቀው። «ጌታዬ፣ በእግዚአብሔር፣ ከነገሩኝ አንዲት አላጎደልኩም!» አለና አራቱን ቁጥር ደገመ። እውነቱን ነበር። ሚስትየዋ በመካከል ገባች። «ጌታው፣ ልጁን ይልቀቁት። የላኩት ቁጥር ልክ ነው፣ ያመጣው ልክ ነው፣ እኔም የሰማሁት እሱኑ ነው። ከእንግዲህ ግን ቁጥር ብቻውን ደጄ አይምጣ።» ወደ ልጁ ዞረች። «ልጄ፣ በቅሎ ሃያ፣ ሰው ዘጠኝ፣ ቀን አምስት፣ አሞሌ አርባ ብለህ ትነግረኛለህ። አዲስ ነገር ሲመጣ ከኋላ ይቀጠል፤ እኒህ ሽማግሌ የሚሰሙት በተራው ነውና ጆሯቸው የለመደውን አያጡም።»

በሚቀጥለው ጉዞ ነጋዴው ቸኩሎ «ሰው ሃያ፣ በቅሎ ዘጠኝ በል» አለው። ልጁ ቅፍለቱን ዞሮ አየና «ጌታዬ፣ ሃያውስ በቅሎው ነው» አለ።

ፓይተን የሚጽፍ ሰው በቃሉ ቁጥር የሚያመላልሰውን ልጅ ያውቀዋል፤ ታፕል ነው። አንድ ፋንክሽን ሦስት ቁጥር በተራ ይመልሳል፣ የተቀበለው ደግሞ በኢንዴክስ ይጠራቸዋል። መሐል ላይ አንድ ቢጨመር ሁሉም ቁጥር ነውና ፕሮግራሙ ሳያጉረመርም የቀኑን ቦታ ለሰው ይሰጣል። ከሚሰበር ኮድ ይልቅ የምፈራው ይህን ዝም ብሎ የሚሳሳተውን ነው።

ቋንቋው ራሱ በዚህ መንገድ አልፏል። የፋይል መረጃ የሚሰጠው ኦኤስ ስታት 10 ቁጥሮችን በተራ ይመልስ ነበር፤ የፋይሉን መጠን የፈለገ ሰው ኢንዴክስ 6 መሆኑን ማስታወስ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው ፓይተን 2.2 እያንዳንዱ ዋጋ ስም አገኘ፤ መጠኑም «ኤስቲ ሳይዝ» ተባለ። አሥሩ ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም፤ በተራ የሚያነበው አሮጌ ኮድ እንደ ሽማግሌው ሥራውን ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ከፓይተን 2.6 ጋር የሬይመንድ ሄቲንገር ኔምድታፕል መጣና ማንም ፕሮግራመር በአንዲት መስመር የራሱን ባለስም ታፕል መሥራት ቻለ። ከ3.6 ወዲህ በክላስ መልክ፣ ከየፊልዱ ዓይነት ጋር ይጻፋል።

ስሙ የሚረዳው አንባቢውን መሆኑ ግን አይረሳ። ሁለት በስም የማይገናኙ ኔምድታፕሎች ውስጣቸው ያለው ዋጋ በተራ አንድ ከሆነ፣ ፓይተን እኩል ናቸው ይላል፤ በቅሎ ይሁን ብር አይለይም። ተራው ለማንም የማያስፈልግ ከሆነ ከ3.7 ጋር የመጣው ዳታክላስ ይሻላል ባይ ነኝ። እዚያው ተፈጥሮ እዚያው ለሚያልቅ ጥንድ ቁጥርም ስም አላወጣለትም። ከፋይል ወደ ፋይል፣ ከአንዱ ጸሐፊ ወደ ሌላው የሚሻገር ሦስት ቁጥር ግን ስሙን ይዞ ይሂድ። ኮዱን ከዓመት በኋላ የሚከፍተው ባልደረባ «ኢንዴክስ 2» የሚል ሲያይ ፋንክሽኑ የተጻፈበትን ፋይል ፍለጋ ይሄዳል፤ «ቀን» የሚል ሲያይ ግን ንባቡን ይቀጥላል።