ሰማይ አይታረስ፣ አብራሪ አይከሰስ

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል የኖረው ሁለቱም የማይቻሉ ስለሚመስሉ ነው። አውሮፕላን ሰማዩን ካረሰው ቆይቷል። የቀረው ሁለተኛው ነው፤ በችሎታው የነገሠን ሰው ማን ይክሰሰው?

እ.ኤ.አ. ጁን 24 ቀን 1994 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ፌርቻይልድ በተባለው የአየር ኃይል ጦር ሰፈር፣ አንድ ቢ-52 ቦምብ ጣይ ለአየር ትርዒት ሲለማመድ ተከሰከሰ። ዝቅ ብሎ የመቆጣጠሪያ ማማውን እየዞረ ሳለ ከ90 ዲግሪ በላይ አዘነበለ፤ የተሳፈሩት አራት መኮንኖች በሙሉ ሞቱ።

አብራሪው ሌተና ኮሎኔል አርተር ሆላንድ ጀማሪ አልነበረም። ከ5,000 ሰዓት በላይ በርሯል። የሌሎች አብራሪዎችን ብቃትና ደንብ አክባሪነት የሚመዝነው ክፍል ኃላፊም እሱ ነበር። ደንቡን ለዓመታት፣ ያውም በትርዒት ተመልካች ፊት ሲጥስ የኖረውም እሱ ነው። አለቆቹ በቃል ይገሥጹታል፤ አለቃ ሲቀየር ተግሣጹም አብሮ ይሄዳል። አዲሱ አለቃ የሚረከበው የሰውየውን ዝና ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንዲሉ፣ በዚያ ሰፈር የተወረሰው ዝናው ብቻ ሆነ።

የልምድ አደጋው እዚህ ላይ ነው። የሰው ችሎታ ለሌሎች ማስረጃ ሲሆን ለባለቤቱ ፈቃድ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ አጥፍቶ ያልወደቀ ሰው አለመውደቁን በሙሉ ለብልሃቱ ይሰጠዋል፤ የዕድል ድርሻ ስንት እንደነበረ የሚነግረው የመጨረሻው ቀን ነው።

በዚያው ዓመት ማርች ወር፣ ሆላንድ የሚያበረው አውሮፕላን በያኪማ የልምምድ ቀጠና ከተራራ ጫፍ ጋር ከመላተም ለጥቂት ተረፈ። የስኳድሮኑ አዛዥ ሌተና ኮሎኔል ማርክ ማክጊሃን ሰውየው ከበረራ እንዲታገድ ጠየቀ። የበላዩ አልተቀበለውም። ማክጊሃንም የራሱን ውሳኔ ወሰነ፤ ከስኳድሮኑ አንድም ሰው ያለ እሱ ከሆላንድ ጋር አይበርም፣ ረዳት አብራሪ የሚሆነው እሱ ራሱ ነው። ጁን 24 በረዳት አብራሪው ወንበር ላይ የነበረው ማክጊሃን ነው።

ትክክል አደረገ? ለበታቾቹ፣ አዎ። አደጋውን በእነሱ ፋንታ በራሱ ላይ ወሰደ። ጋሻ ግን የሚከልለው ከኋላው የቆመውን ብቻ ነው። በዚያ በረራ ላይ ከሠራዊቱ የስንብት በረራውን የሚያደርግ ኮሎኔል ነበር፤ ባለቤቱ ልትቀበለው ሜዳው ላይ ትጠብቅ ነበር። የማክጊሃን ጀግንነት ሥርዓቱ የተወውን ክፍተት በአንድ ሰው ገላ ሞላው፤ ክፍተቱ ግን እንዳለ ቀረ። ጥያቄው የሚመለሰው ወደ ሟቹ ሳይሆን «አይታገድም» ወዳለው አለቃ ነው። እሱም በኋላ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀርቦ ግዴታውን አለመወጣቱን አመነ።

ጦር ያለ መታዘዝ አይቆምም፣ በታች የበላዩን የሚከስ ከሆነ ዕዝ ይፈርሳል የሚል ይኖራል። ነገር ግን የሚታዘዙት ለሰውየው ነው ወይስ እሱንም ለሚያስረው ደንብ? ሳያውቅ የተሳሳተ ሳይፈራ እንዲናገር፣ አውቆ የጣሰ ደግሞ ልምዱ እንዳያስጥለው ማድረግ ዕዝን አያፈርስም። አንድ ወጣት መቶ አለቃ ያየውን ቢጽፍ፣ ጽሑፉም አለቃው ከተቀየረ በኋላ የሚነበብ ቢሆን፣ ማክጊሃን በዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ ባላስፈለገው ነበር።