ያዕቆብ ሁለት ስም አለው

አሰላ ውስጥ የአርሲን የስንዴ መረጃ በምንይዝበት ሠንጠረዥ «ምርት» የሚል ዓምድ አለ። በውስጡ ያለው ግን የወረዳው ጠቅላላ ምርት ሳይሆን በሄክታር የተገኘው ኩንታል ነው። ስሙ ይዋሻል። አዲስ ባለሙያ ሄጦሳ ወረዳ ፊት 40 የሚል ቁጥር ካየ ግራ መጋባቱ አይቀርም።

እውነተኛ ስም ይሰጠው ብለን «ምርት_በሄክታር» ብንለው ደግሞ ከዚያ ዓምድ የሚያነቡ ሪፖርቶች ይሰናከላሉ። ስህተት አለ ብለው የሚጮኹት አያሳስቡኝም፤ ቶሎ ይታረማሉ። የሚያስፈሩኝ ዓምዱን ሲያጡት ባዶውን ዜሮ አድርገው የሚያትሙት ናቸው። ሌሙና ቢልቢሎ ዘንድሮ አንድ ኩንታል አላመረተም የሚል ወረቀት ማኅተም ተመትቶበት ወደ የበላይ አካል ይሄዳል። ጭላሎ ተራራ ሥር ላደገ ሰው የሚያስቅ ነው፤ ወረቀቱን የሚያነበው ሰው ግን ሩቅ ነው ያለው።

ታዲያ ስም የማን ነው፣ የሰጪው ወይስ የጠሪው?

ኦሪት ዘፍጥረት ሁለቱንም መንገድ ያውቃል። ምዕራፍ 17 ላይ አብራም አብርሃም ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ መጽሐፉ በቀድሞ ስሙ አይጠራውም። ያዕቆብ ግን ምዕራፍ 32 ላይ እስራኤል ተብሎ፣ 35 ላይ ተደግሞለትም ያዕቆብነቱ አልቀረም። እንዲያውም 46፥2 ላይ እስራኤልን በሌሊት ራእይ ያናገረው አምላክ ሁለቴ የጠራው በያዕቆብ ነው። ስሙን የለወጠለት ራሱ ሆኖ ሳለ! የእኛም የኦርቶዶክስ ምእመን በቀበሌ በአንድ ስም ይታወቃል፣ ሲቆርብና ፍትሐት ሲደረግለት በክርስትና ስሙ ይጠራል።

እኔ «ምርት»ን የማስተናግደው እንደ ያዕቆብ ነው። ሠንጠረዡ ውስጥ እውነተኛውን ስም አስገባለሁ፤ ሪፖርቶቹ በለመዱት በኩል ደግሞ አሮጌውን ስም የያዘ ቪው (ከሠንጠረዡ እያነበበ እንደ ሠንጠረዥ የሚታይ መጠይቅ) አቆማለሁ። «ምርት» ብለው ሲጠሩ ያው ቁጥር ይመጣላቸዋል። ከዚያ ማን ገና በአሮጌው እንደሚጠራ እያየሁ አንድ በአንድ ወደ አዲሱ አሻግራለሁ። ውሸቱን ዕድሜ ሰጠኸው የሚሉኝ አሉ። የሪፖርቶቹ ባለቤቶች ግን በራሳቸው አርዕስት ላይ «ኩንታል በሄክታር» ብለው ጽፈዋል፤ የሚታለለው አዲስ ገቢው ነበር፣ እሱ ደግሞ አዲሱን ስም ነው የሚያየው።

ይህ የሚሠራው ይዘቱ ካልተነካ ብቻ ነው። ይዘቱ የተነካበት ምሳሌ አለ፦ በ1967 እ.ኤ.አ. በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው ካዱ የጭላሎ አውራጃ የግብርና ልማት ፕሮጀክት ነበር፤ በኋላ ሥራው ወደ መላው አርሲ ሲሰፋ አርዱ ተባለ። ላዩን ሲያዩት የጥቂት ፊደል ለውጥ ይመስላል። የካዱን ጠቅላላ ምርት ከአርዱ ጋር በአንድ ዓምድ የቀጠለ ሰው ግን አንድ አውራጃን ከአንድ ክፍለ ሀገር ጋር እያወዳደረ፣ ምርቱ በአንድ ጊዜ ተመነደገ ሊል ነው። እዚህ ላይ አብራም አብርሃም ሆኗል። ለእንዲህ ያለው ቪው አልሠራም፤ ሁለት ዓምድ ይኑሩ፣ የፈለገ ሪፖርት ይሰበር።